መነጽር የሚያደርግ ሰው ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ

የዛሬው ዝግጅታችን መነጽር ለሚያደርጉና ባሕር ውስጥ መጥለቅ ለሚመኙ ሰዎች የተሰናዳ ነው። መነጽር ስንል ለማንበብ የሚደረገውን ሳይሆን የሩቁን ለማየት የሚደረገውን ማለታችን ነው፤ መነጽር ቤት ስንሄድ «ማይነስ ሁለት»፣ «ማይነስ አራት» የሚባልልንን። የሕክምና ስሙ ማዮፒያ ነው።

ከምትከታተሉን መካከል ኤይላትና ጅዳ የምትኖሩ አላችሁ፤ ቀይ ባሕር ደጃችሁ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የምትመላለሱም አላችሁ። እዚያ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ከብዙ አገር ሰው ይመጣል። ታዲያ «እኔ መነጽር ስለማደርግ ጠለቃ አይሆንልኝም» ብሎ ጀልባው ላይ የሚቀር ሰው አይጠፋም። መቅረት የለበትም። ማይነስ 1 ያለውም ሆነ ማይነስ 10 ያለው ሰው ጥርት አድርጎ እያየ መጥለቅ የሚችልበት መንገድ አለ። የበለጠ የሚያሳስበን ግን ሌላኛው ነው፤ «ትንሽ ብዥ ቢልብኝም እችለዋለሁ» ብሎ ምንም ሳያደርግ የሚገባው።

ለምን እንደሚያሳስበን እንናገር። ጠላቂ በጀርባው የሚሸከመው ታንክ የታመቀ አየር የያዘ ነው፤ ኦክስጅን ብቻ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ታንኩ ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ 200 ባር ያህል ይሆናል። ከታንኩ በቱቦ ተያይዞ የሚወርድ፣ ከመዳፍ የሚያንስ ክብ ጌጅ አለ። ጠላቂው ይህን ጌጅ በየጥቂት ደቂቃው ብድግ እያደረገ መርፌዋ የት እንደደረሰች ያያል። አብዛኞቹ የጠለቃ ማዕከላት ደንበኛቸው ቢያንስ 50 ባር ተርፎት ከውሃ እንዲወጣ ይፈልጋሉ። መርፌዋ የአየሩን ማነስ በሚያሳየው ቀይ ክፍል ውስጥ ትሁን ገና ከሱ በላይ ትሁን በግምት የሚታወቅ ነገር አይደለም። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ኮምፒውተርም ጥልቀቱንና በዚያ ጥልቀት የቀረውን ደቂቃ የሚናገረው በቁጥር ነው። ውሃ ውስጥ ንግግር ስለሌለም ሁሉ ነገር በእጅ ምልክት ነው። አውራ ጣትን ወደ ላይ መቀሰር «እንውጣ» ማለት ነው። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ገጥሞ ክብ መሥራት ደግሞ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ጓደኛችሁ ከአራት ሜትር ርቀት ላይ ከሁለቱ የትኛውን እንዳሳየ መለየት ካቃታችሁ አብራችሁ እየጠለቃችሁ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ «መነጽሬን እንዳደረግሁ ማስኩን ከላዩ ብደርብስ?» የሚለው ነው። አይሆንም። የጠላቂ ማስክ ውሃ የማያስገባው የሲሊኮን ጠርዙ በግንባር፣ በጉንጭና ከአፍንጫ በታች ባለው ቆዳ ላይ ምንም ክፍተት ሳይተው ስለሚያርፍ ነው። የመነጽሩ ዘንግ ወደ ጆሮ ሲያልፍ ያንን ጠርዝ በግራም በቀኝም ያነሳዋል፤ ውሃውም በዚያው ይገባል። መነጽሩም በጣም ወደ ዓይን ይጠጋል።

አሁን ዓይን ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆን እንመልከት፤ ምርጫው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዓይናችን ብርሃንን ሰብስቦ ምስል የሚሠራው በዋናነት ከፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ በኮርኒያ ነው። የዓይን ጠቅላላ ብርሃን የማጠፍ ኃይል 60 ዳይኦፕተር ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 43 ያህሉ የኮርኒያ ድርሻ ነው። ኮርኒያ ይህን ኃይል የሚያገኘው ከፊቱ አየር ስላለ ነው። የአየር ብርሃን የማጠፍ መለኪያ 1 ነው፤ የኮርኒያ 1.38 ገደማ ነው፤ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በኃይል ይታጠፋል። የውሃ መለኪያ ግን 1.33 ነው፤ ከኮርኒያ ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ ዓይናችንን ውሃ ውስጥ ስንከፍት የኮርኒያ ጉልበት ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ከ40 ዳይኦፕተር በላይ በአንድ ጊዜ እናጣለን። ጤናማ ዓይን ያለውም፣ ማይነስ 8 ያለውም በባዶ ዓይን ውሃ ውስጥ ሁለቱም በጣም ብዥ የሚልባቸው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በአንዳማን ባሕር፣ በታይላንድና በማያንማር ዳርቻ፣ ሞከን የሚባሉ የባሕር ሕዝቦች አሉ። ልጆቻቸው ያለ ማስክ እየጠለቁ ከባሕር ወለል ምግብ ይለቅማሉ። አና ጊስሌን የተባሉ የስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የሞከን ልጆች ውሃ ውስጥ ከአውሮፓውያን ልጆች በእጥፍ የተሻለ እንደሚያዩ አሳዩ። ልጆቹ ሲጠልቁ የዓይናቸውን ብሌን ከ2 ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን ያጠባሉ፤ ያለውንም የማተኮር አቅም እስከ መጨረሻው ይጠቀማሉ። ኋላም የስዊድን ልጆች በልምምድ ይህንኑ መማር እንደሚችሉ ታየ። የሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚገራ ያሳያል። ሆኖም ጌጅ ማንበብ ላለበት ጠላቂ መልስ አይሆንም።

መልሱ ማስኩ ነው። ማስኩ ከዓይን ፊት አየር ይመልሳል፤ ኮርኒያም ጉልበቱን ያገኛል። ስለዚህ ማስክ ያደረገ ሰው የዓይን ቁጥሩ ምድር ላይ ከነበረው አይለወጥም። ግፊቱም ቁጥሩን አይቀይረውም፤ ዓይን በፈሳሽ የተሞላ ስለሆነ ጥልቀት አይጨፈልቀውም። አዲስ ነገር የሚመጣው ብርሃኑ ከውሃ ወጥቶ በማስኩ ጠፍጣፋ መስታወት በኩል ወደ አየር ሲገባ ነው። ያኔ ነገሮች ከእውነተኛ ርቀታቸው በሩብ ያህል ቀርበው፣ በሲሶ ያህል ገዝፈው ይታያሉ። አራት ሜትር ላይ ያለ ዓሣ ሦስት ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። አዲስ ጠላቂ አንድ ነገር ልንካ ብሎ እጁን ሲዘረጋ የማይደርስበት ለዚህ ነው።

ይህ መቅረብና መግዘፍ ማይነስ ላለው ሰው ጥቂት ይረዳዋል። ምን ያህል እንደሆነ አብረን እናስላው። ማይነስ 1 ያለው ሰው ያለ መነጽር ጥርት አድርጎ የሚያየው እስከ አንድ ሜትር ነው። ማስክ አድርጎ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያ ርቀት ወደ 1.33 ሜትር ያድጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ብዥ ቢልም ገዝፎ ስለሚታይ መለየት አያዳግትም። ይህ ሰው ጌጁን ያነባል፣ የጓደኛውን ምልክት ያያል፤ ምንም ማረሚያ ሳያስፈልገው መጥለቅ ይችላል። ማይነስ 2 ያለው እስከ 66 ሴንቲ ሜትር ድረስ ጥርት አድርጎ ያያል፤ የተዘረጋ ክንድ ርቀት ላይ ያለ ጌጅ ያነባል፣ ኮራሉንና ጓደኛውን ግን በደመና ውስጥ ነው የሚያያቸው። ማይነስ 4 ላለው ግን ጥርት ያለው እይታ 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል። ጌጁን ወደ ፊቱ ካላስጠጋ አያነበውም። እንግዲህ ከማይነስ 2 በላይ ያላችሁ ሁሉ፣ በእኛ እምነት፣ ማረሚያ ሳታደርጉ መግባት የለባችሁም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ምርጫው እንምጣ። ብዙ ሰው ከሌንሱ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከማስኩ ነው። ፊታችሁ ላይ በትክክል ያልተቀመጠ ማስክ ውስጥ ውድ ሌንስ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ውሃ የሚያስገባ ማስክ ያደረገ ሰው ሙሉ ሰዓቱን ማስኩን ሲያራግፍ ነው የሚያሳልፈው። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ሞክሩት። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጡት፤ ጭንቅላታችሁ ላይ አታጥልቁት። ፀጉራችሁን ከግንባራችሁ ላይ ሰብስቡ፤ አንዲት ዘለላ እንኳ በጠርዙ ሥር ከቀረች አየር ታስገባለች። ማስኩን በቀስታ ፊታችሁ ላይ አሳርፉትና በአፍንጫችሁ ጥቂት አየር ወደ ውስጥ ሳቡ። እጃችሁን ልቀቁ። ትንፋሻችሁን እስከያዛችሁ ድረስ ማስኩ ፊታችሁ ላይ ተለጥፎ መቆየት አለበት። ቀስ እያለ ከወረደ የሆነ ቦታ ክፍተት አለው ማለት ነው። ከታንኩ አየር የምትስቡበትን ሬጉሌተር በአፋችሁ እንደያዛችሁ ደግማችሁ ሞክሩት፤ አፍ ሲከፈት የላይኛው ከንፈርና ጉንጭ ቅርጹን ይለውጣል። ጢም ያላችሁ ወንዶች ከአፍንጫ በታች ያለውን ቦታ በተለይ ተጠንቀቁለት።

ሌላው የምትመለከቱት መስታወቱ ሁለት ሆኖ ለየዓይን መለየቱን ነው። አንድ ወጥ መስታወት ያለው ማስክ መስታወቱ ላይ ለሚለጠፍ ሌንስ ይሆናል እንጂ የማስኩን መስታወት አውጥቶ ለሚተካ ሌንስ አይሆንም። መስታወቱ ላይ «ቴምፐርድ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ፤ ቢሰበር ስለት ሆኖ የማይበታተን ማለት ነው።

ለአብዛኛው ሰው የሚበቃው ዝግጁ ሌንስ ነው። አምራቾች ለራሳቸው ማስክ ልክ አድርገው፣ በግማሽ ዳይኦፕተር ልዩነት፣ በቁጥር ቁጥር የሠሯቸው መስታወቶች አሉ። የማስኩ ተራ መስታወት ይወጣና በቁጥሩ የተሠራው ይገባል፤ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። የቀኝና የግራ ዓይን ቁጥር ቢለያይም ችግር የለውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ29 ዓመት ሴት ናት እንበል። የመነጽር ወረቀቷ ላይ ለቀኝ ዓይኗ ማይነስ 3.00፣ ሲሊንደር ማይነስ 0.75 ተጽፏል፤ ለግራው ማይነስ 4.25፣ ሲሊንደር ማይነስ 0.50። ሲሊንደር የሚባለው አስቲግማቲዝምን የሚያርመው ቁጥር ነው። ዝግጁ ሌንስ ሲሊንደር የለውም። ስለዚህ የሲሊንደሩን ግማሽ ወስደን በዋናው ቁጥር ላይ እንደምራለን። ቀኙ 3.00 ሲደመር 0.375፣ 3.375 ይሆናል፤ የሚቀርበው ዝግጁ ቁጥር 3.50 ነው። ግራው 4.25 ሲደመር 0.25፣ ልክ 4.50 ነው። ይህቺ ሴት ማይነስ 3.50 እና ማይነስ 4.50 ይዛ ትገባለች፤ ጥሩ አድርጋ ታያለች። ስሌታችሁ በሁለት ቁጥሮች እኩል መሃል ላይ ካረፈ አነስተኛውን ውሰዱ። ውሃው ራሱ ያገዝፍላችኋል፤ ከሚገባው በላይ የበረታ ማይነስ ግን ቅርቡን ስታዩ ዓይንን ያደክማል።

ሲሊንደራችሁ ከ1.50 ወይም ከ2 ካለፈ ይህ የግማሽ ስሌት አይበቃም። ቁጥራችሁ ከዝግጁዎቹ መጨረሻ የሚያልፍ ከሆነም እንዲሁ። ያኔ በልክ ተፈጭቶ ከማስኩ መስታወት ጀርባ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ሌንስ ነው የምታሠሩት። ይህ ሥራ የተለመደው መነጽር ቤት የሚሠራው አይደለም፤ የጠላቂ ማስክ የሚሠራ ባለሙያ ይፈልጋል። ስታዙም ወረቀቱ ብቻ አይበቃችሁም። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ይለካላችሁ፤ የሌንሱ መሃል ከብሌናችሁ ፊት ካልዋለ፣ በተለይ ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን፣ ዓይን ይወጠራል፣ ራስ ያማል። ቁጥራችሁ ከማይነስ 4 በላይ ከሆነ ደግሞ ሌንሱ ከዓይን የሚርቅበትን ርቀት ለባለሙያው አንሱለት። መነጽር ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል፤ የማስክ ሌንስ ከዚያ ይርቃል። ማይነስ ሌንስ ከዓይን ሲርቅ ጉልበቱ ይቀንሳል። ማይነስ 8 የሚያደርግ ሰው ሌንሱ በ10 ሚሊ ሜትር ቢርቅበት ያንኑ እይታ ለማግኘት ማይነስ 8.70 ያህል ያስፈልገዋል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ራሱ ያስተካክለዋል፤ ሳትጠይቁ ግን አትለፉት።

በቁጥር የተሠራ የዋና መነጽር ያላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ እሱን ይዛችሁ አትጥለቁ። የዋና መነጽር አፍንጫን አይሸፍንም። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ስትወርዱ ግፊቱ በውሃው ገጽ ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል፤ በማስክ ውስጥ ያለው አየር ስለሚጨመቅ ጠላቂው በአፍንጫው ጥቂት እየነፋ ይሞላዋል። የዋና መነጽር ውስጥ አየር መሙያ መንገድ የለም። ጎማው ዓይንን እየመጠጠ የዓይን ነጭ ክፍል ውስጥ ያሉ ትናንሽ የደም ሥሮች እስኪፈነዱ ያደርሳል።

አሁን ስለ ኮንታክት ሌንስ። ሁልጊዜ ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ ተራ ማስክ ከላዩ አጥልቃችሁ መጥለቅ ትችላላችሁ። ብዙ ጥቅም አለው። ከፍ ያለ አስቲግማቲዝም ይታረምበታል፤ ከየትኛውም ማዕከል የተከራያችሁት ማስክ ይሆናችኋል። ከሁሉም በላይ ጀልባው ላይ ማስካችሁን ስታወልቁም ታያላችሁ። የጠለቃ ሕክምና ባለሙያዎችም፣ ከእነሱም መካከል በዚህ መስክ ብዙ የጻፉት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የዓይን ሐኪም የነበሩት ፍራንክ በትለር፣ ለስላሳውን ሌንስ ይቀበሉታል።

ጠንካራው ኮንታክት ሌንስ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች የቀድሞውን ጠንካራ ሌንስ ያደረጉ ሰዎችን ግፊት በሚጨመርበት ክፍል ውስጥ አስገብተው ተመለከቱ። ግፊቱ ሲቀነስ፣ ማለትም ጠላቂ ወደ ላይ እንደሚወጣው ሲሆን፣ በሌንሱና በኮርኒያው መካከል የጋዝ አረፋ ተፈጠረ፤ ኮርኒያውም አበጠ። በሌንሱ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ሲበሳለት አረፋው አልተፈጠረም፤ ለስላሳ ሌንስ ላይም አልታየም። ለስላሳው ጋዝ ያሳልፋል። ስለዚህ ምርጫችሁ ለስላሳው ይሁን።

ለስላሳውን የምታደርጉም ሁለት ነገር አትዘንጉ። አንደኛው ሥልጠናው ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ የሚወስድ ሰው ማስኩን ውሃ ውስጥ አውልቆ መልሶ እንዲያጠልቅና ውሃውን በአፍንጫው ነፍቶ እንዲያስወጣ ይደረጋል። ዓይን ተከፍቶ ከተተወ ሌንሱ ተንሳፍፎ ሊሄድ ይችላል። ከመግባታችሁ በፊት ለአሰልጣኛችሁ «ኮንታክት ሌንስ አድርጌያለሁ፣ ማስኬን ሳወልቅ ዓይኔን እጨፍናለሁ» ብላችሁ ንገሩት። ያኔ በእጁ ይዟችሁ ይቆያል፤ ዓይናችሁን ስለጨፈናችሁም ደንግጣችኋል ብሎ አያስብም። ለጠለቃ ጓደኛችሁም እንዲሁ። ትርፍ ጥንድ ሌንስ ጀልባው ላይ ይኑራችሁ።

ሁለተኛውና ከበድ ያለው ኢንፌክሽን ነው። በውሃ ውስጥ፣ በተለይም በሐይቅ፣ በገንዳና በቧንቧ ውሃ፣ አካንታሜባ የምትባል በዓይን የማትታይ ተሕዋስ አለች። በኮንታክት ሌንስና በኮርኒያ መካከል ከገባች ኮርኒያውን ታቆስላለች፤ ሕክምናው ወራት የሚፈጅና አስቸጋሪ ነው፤ እይታንም ሊያሳጣ ይችላል። ይህ ጠላቂን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ኮንታክት ሌንሱን እንዳደረገ የሚዋኝ ወጣትም ልብ ይበል። በጠለቃ ማዕከላት ደግሞ ሁሉም ሰው ማስኩን የሚያለቀልቅበት አንድ በርሜል አለ፤ ያ ውሃ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትመኑት። መፍትሔው የአንድ ቀን ሌንስ መጠቀም ነው፤ ጠልቃችሁ ስትወጡ አውልቃችሁ ትጥሉታላችሁ። ሌንሱን በቧንቧ ውሃ ወይም በምራቅ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም። ከውሃ ስትወጡ ሌንሱ ዓይናችሁ ላይ ተጣብቆ ከሆነ አትጎትቱት፤ ለኮንታክት ሌንስ የተዘጋጀ ጠብታ አድርጋችሁ እስኪላቀቅ ጠብቁ። ዓይናችሁ ከቀላ፣ ካመማችሁ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገራችሁ ሌንሱን አውጥታችሁ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሌዘሩስ? ማዮፒያን በሌዘር የሚያርሙት፣ ሌዚክና ፒአርኬ የሚባሉት ቀዶ ሕክምናዎች የተሳካላቸው ሰዎች ያለ ምንም ችግር ይጠልቃሉ። በጠለቃ ሕክምና የተለመደው ምክር ከፒአርኬ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ከሌዚክ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር መጠበቅ ነው፤ ዓይኑን የሠራው ሐኪምም መፍቀድ አለበት። ይህ የጊዜ ገደብ ዋና ምክንያቱ ኢንፌክሽን ሲሆን፣ በሌዚክ ላይ ደግሞ ተነሥቶ የተመለሰው የኮርኒያ ሽፋን ማስኩ ዓይንን ሲመጥጥ እንዳይነካ ነው። ለጠለቃ ሲባል ብቻ ግን ዓይንን ማስቆረጥ አንመክርም። ለዓመታዊ ዕረፍት የሚሆን ማይነስ ማስክ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈ አድማጮቻችን አሁን ጆሯችሁን ስጡን፤ ለእናንተ ስሌቱ ይገለበጣል። ከዚህ ዕድሜ በኋላ ዓይን ቅርብ ላይ የማተኮር አቅሙን እያጣ ይሄዳል። የሩቁን በትክክል የሚያርም ማይነስ ስታደርጉ ጋዜጣው ይደበዝዛል፤ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ አውጥታችሁ የምታነቡት ለዚህ ነው። ማስክን ግን ግንባር ላይ ማውጣት አይቻልም። ያውም 60 ሴንቲ ሜትር ላይ የያዛችሁት ጌጅ በውሃው ምክንያት ለዓይናችሁ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ይሆንበታል፤ የበለጠ ቀርቦ የበለጠ ያስቸግራል። ማይነስ 2 ያለው የ52 ዓመት ሰው ሙሉ ቁጥሩን ማስኩ ላይ ካስገባ ዌል ሻርኩን አይቶ የቀረውን አየር ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ምንም ባያስገባ ደግሞ ጌጁን ያነባል፤ ዓሣው ግን ብዥ ይልበታል።

መውጫው ብዙ ነው። ከታች በኩል የማንበቢያ ቁጥር ያለው ባለ ሁለት ክፍል ሌንስ ማሠራት አለ። ከቁጥሩ ግማሽ ወይም አንድ ዳይኦፕተር ቀንሶ መውሰድ አለ፤ በ2 ፈንታ ማይነስ 1 ማለት ነው። ለአንዱ ዓይን የሩቁን፣ ለሌላው የቅርቡን መስጠትም የሚስማማቸው ሰዎች አሉ፤ ይህን ግን መጀመሪያ ምድር ላይ ሳይሞክሩ ውሃ ውስጥ መጀመር አይገባም። ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ የሚነበብ ኮምፒውተር መግዛትም ይረዳል።

ቁጥራችሁ ከማይነስ 6 የሚበልጥ ከሆነ ከጠለቃ በፊት ብሌናችሁ በጠብታ ሰፍቶ ከዓይን ጀርባ ምስሉ የሚያርፍበት ሽፋን፣ ሬቲናችሁ፣ ይታይላችሁ። ከፍ ያለ ማዮፒያ ዓይንን ስለሚያስረዝም ሬቲናው ይሳሳል፤ ይህ ጠለቃው የሚያመጣው አይደለም፤ ግን ከሐኪም በሩቅ፣ ባሕር መሃል ከመሆን በፊት መታወቅ ያለበት ነው። ድንገት ብልጭታ፣ ብዛት ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የመጋረጃ ጥላ የሚታየው ሰው ወደ ውሃ አይግባ፤ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። የሬቲና ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓይኑ ውስጥ የጋዝ አረፋ ለተተወለት ሰው ደግሞ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ መጥለቅም አውሮፕላን መሳፈርም ክልክል ነው። ጋዙ ከግፊት ጋር ይጠባል፣ ይሰፋል፤ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል።

በማስክ ሌንስ የምትጠልቁ ሰዎች የጀልባውን ነገር አስቀድማችሁ አስቡበት። ማስኩን ስታወልቁ ምንም አታዩም፤ መሰላሉ ረጥቧል፣ የጀልባው ወለል በታንክና በክብደት ቀበቶ ተሞልቷል። መነጽራችሁን በጠንካራ ማኅደር አድርጋችሁ ለጀልባው ሠራተኛ ስጡትና የት እንዳስቀመጠው እዩ። ማስካችሁን ከሌላ ሰው ማስክ ጋር እንዳያደባልቁት ስማችሁን ማሰሪያው ላይ ጻፉበት። አዲስ ማስክ ጉም እንዳይዘው በጥርስ ሳሙና መታሸቱ የተለመደ ነው፤ ከጀርባው የፕላስቲክ ሌንስ የተለጠፈበትን ግን አትሹት፣ ይጫጫራል፤ ለጉም የተዘጋጀውን ፈሳሽ ቀብታችሁ አለቅልቁት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት፤ ማጣበቂያው ሙቀት አይወድም።

ስትጓዙም ሌላው ዕቃ ሁሉ ከሄዳችሁበት ማዕከል ይከራያል፤ በቁጥራችሁ የተሠራ ማስክ ግን በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ማስኩን በመያዣው አድርጋችሁ፣ ከመነጽር ወረቀታችሁ ቅጂ ጋር፣ አውሮፕላን ውስጥ ይዛችሁ በምትገቡት በእጅ ሻንጣችሁ ውስጥ አድርጉት።